የስም ማኅደር በአሮልሰን

ከካሰል ከተማ የሚነሣው ትንሽ ባቡር በሰሜን ሄሰን ኰረብታዎች መካከል እየተጠማዘዘ፥ በየመንደሩ ጣቢያ እየቆመ አንድና ሁለት ተማሪ ሲያወርድና ሲጭን ቆይቶ፥ ከአንድ ሰዓት ያህል ጕዞ በኋላ ባድ አሮልሰን ያደርሳል። ይህችን ከተማ ከጀርመን አገር ጐብኚዎች ብዙዎቹ በስም እንኳ አያውቋትም፤ የሚያውቋትም ቢሆኑ፥ የቬርሳይን አምሳያ ይዞ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ ታነጸው የመሳፍንቷ ቤተ መንግሥት፥ ወይም በዚያች ስለ ተወለደው ስለ ስመ ጥሩው ቀራጺ ስለ ክርስቲያን ዳንኤል ራውኽ፥ አለዚያም ዐቢይ ጎዳናዋን በረድፍ በረድፍ ስለሚያጠሉት የባሉጥ ዛፎች ሰምተው ነው። እኔን ግን ወደዚያ የወሰደኝ የአንድ ቤተ መዛግብት ዝና ነበር፤ በናዚዎች ዘመን የተሳደዱ፥ የታሰሩ፥ ለግዳጅ ሥራ የተጋዙና የተገደሉ፥ ከጦርነቱም በኋላ አገር አልባ ሆነው የቀሩ የ17.5 ሚሊዮን ሰዎች ስም ተሰብስቦ የሚገኘው በዚህች 15 ሺህ ያህል ሰው በሚኖርባት ከተማ ነውና። በዚህ ማስታወሻ የምጠቅሰውን ዓመት ሁሉ አንባቢዬ በኤውሮፓ አቈጣጠር ይቀበልልኝ።

የከተማይቱ ታሪክ ግን ከባሉጦቿ ጥላ ሥር ለሚመላለስ መንገደኛ እንደሚመስለው የዋህ አይደለም። የመጨረሻው ገዥ መስፍን ልጅና አልጋ ወራሽ የነበረው ልዑል ኢዮስያስ፥ ምንም እንኳ ስሙ የጻድቁ የይሁዳ ንጉሥ ስም ቢሆን፥ በ1929 ከናዚዎች ማኅበር ገብቶ፥ በማግሥቱ ዓመት የናዚዎቹን የጦር ክንፍ የኤስ ኤስን ጥቍር ልብስ ለብሶ፥ በማዕርግ ላይ ማዕርግ እየተጨመረለት የቡኸንቫልድ ማጎሪያ ሰፈር በሚገኝበት አውራጃ የኤስ ኤስና የፖሊስ የበላይ አዛዥ እስከ መሆን ደረሰ። በ1947 በዳኻው የተቀመጠው የአሜሪካ ጦር ችሎት ዕድሜ ልክ እስራት ፈርዶበት ነበር፤ ነገር ግን በ1950 ተፈትቶ፥ በ1967 በነጻነት ኖሮ ሞተ። በከተማይቱ ውስጥ ኤስ ኤስ ሰፊ ካምፕ ነበረው፤ በዚያም የአስተዳደር ሹማምንቱን ያሠለጥን ነበር፤ ከ1943 ጀምሮም ከቡኸንቫልድ የመጡ እስረኞች በዚያው ካምፕ እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ታዲያ፥ ዓለም የጠፋበትን ሰው ሊፈልግ መዝገቡን የዘረጋው በዚያው ባዶ በቀረው የኤስ ኤስ ካምፕ ነው።

ይህ የሆነው በምሳሌያዊ ፍርድ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖራል፤ እኔም ለጊዜው እንዲሁ መስሎኝ ነበር፤ ምክንያቱ ግን እጅግ ተራ ነው። ፍለጋው በ1943 በእንግሊዝ ቀይ መስቀል እጅ በለንደን ተጀምሮ፥ የቃል ኪዳኑን ጦር እየተከተለ ወደ ቬርሳይ፥ ከዚያም ወደ ፍራንክፈርት ከተዛወረ በኋላ፥ በጥር 1946 አሮልሰን ያረፈው ከተማይቱ በቦምብ ስላልፈረሰች፥ የስልክ መሥመሯ ስላልተቈረጠ፥ ብዙ ሰው የሚይዝ ሕንጻም ስላላት፥ ደግሞም አራቱ አሸናፊ መንግሥታት ጀርመንን ለተከፋፈሉባቸው ክፍሎች ሁሉ መካከለኛ ስለ ሆነች ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች መካከል ጥቂት የማይባሉት ራሳቸው ወደ አገራቸው መመለስ ያልቻሉ ስደተኞች ነበሩ፤ ፖሎንኛ፥ ሩስኛ፥ ዪዲሽ፥ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ሰዎች፥ ጠዋት የሌላውን ወንድም ሲፈልጉ ውለው ማታ የራሳቸውን እናት ስም ከካርዱ መካከል የሚያስሱ ሰዎች። ለሕፃናት ደግሞ ልዩ ክፍል ነበረ፤ ናዚዎቹ «ዘራቸው ይመጥናል» ብለው ከወላጆቻቸው ነጥቀው ለጀርመን ቤተ ሰብ የሰጧቸውን የፖላንድ ሕፃናት እያፈላለገ፥ ስሙ የተለወጠውን ልጅ ከስሙ ጋር ለማገናኘት የሚደክም ክፍል።

ያስጐበኙኝ የቤቱ ሠራተኛ ጠጕራቸው የሸበተ፥ ንግግራቸው የተመጠነ እመቤት ነበሩ። «ካርዶቹ ስንት ይሆናሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «የማውጫው ካርድ ብቻ 50 ሚሊዮን ነው፤ የሰነዱ መደርደሪያ ቢቀጣጠል 26 ኪሎ ሜትር ይሆናል» አሉኝና፥ ቍጥሩ እንዳላረካቸው ሁሉ ወዲያው ወደ አሠራሩ ገቡ። ካርዶቹ የተደረደሩት በፊደል ተራ ብቻ አይደለም፤ በድምፅ ነው። አንድ የፖላንድ አይሁዳዊ ስሙን በዕብራይስጥ ፊደል ይጽፋል፤ የመንደሩ ሹም በፖሎንኛ ይመዘግበዋል፤ የማጎሪያው ጸሓፊ በጀርመንኛ ጆሮ ሰምቶ በጀርመንኛ ፊደል ያሰፍረዋል፤ ከነጻነት በኋላም አንድ የአሜሪካ ወታደር እንደ ገመተ በጽሕፈት መኪና ይመታዋል። አብራሞቪች የሚለው አንዱ የቤተ ሰብ ስም እንኳ ከ800 በሚበልጥ ልዩ ልዩ አጻጻፍ ተገኝቷል ይባላል። ስለዚህ መዝጋቢዎቹ ዓይናቸውን ትተው በጆሯቸው መሥራት ግድ ሆነባቸው፤ በአንድ ዓይነት ድምፅ የሚነገረውን ሁሉ በአንድ መሳቢያ አሳደሩት። ይህን ስሰማ ኀይሉን፥ ሐይሉንና ሃይሉን በሦስት ልዩ ልዩ ፋይል ከፍቶ አንዱን ባለጉዳይ ሦስት ሰው የሚያደርገው የእኛ አገር መዝገብ ቤት ትዝ አለኝና፥ የአሮልሰኖቹን ጥበብ በልቤ አደነቅሁ።

ወረቀቶቹ ዛሬ በመሣሪያ ተቀድተው በኮምፒዩተር ስለሚነበቡ፥ እመቤቲቱ ከብዙው መካከል አንዱን የቡኸንቫልድ ካርድ ከፍተው አሳዩኝ። በእስረኞቹ አቀባበል ጊዜ የገቡበትን ልብስ የሚቈጥር ካርድ ነው። ባርኔጣ፥ ካፖርት፥ ኮት፥ ሱሪ፥ ሹራብ፥ ሸሚዝ፥ ካልሲ፥ ጫማ፥ ቀበቶ እየተባለ የዕቃው ስም አስቀድሞ በማተሚያ ታትሟል፤ በየዕቃው ፊት ለቍጥር የሚሆን ባዶ ቦታ ተትቷል፤ ጸሓፊውም በእርሳስ አንድ፥ ሁለት፥ አንድ ጥንድ እያለ ሞልቶታል። ከግርጌው እስረኛው ራሱ ፈርሟል። ፊርማው ረጋ ያለ፥ የተማረ ሰው ፊርማ ነው፤ የመጨረሻዋን ፊደል ጅራት ወደ ግራ መልሶ ከስሙ በታች መሥመር ሳይቀር አስምሮባታል፤ በባንክ ወይም በውል ላይ ሲፈርም የኖረበት ልማድ ይሆናል። ሰውን ከነነፍሱ የቀማ መንግሥት ለሹራቡ ደረሰኝ ይቈርጥለታል፤ ተቀማኙም በሥርዓቱ መሠረት አስረክቤአለሁ ብሎ ይፈርምለታል። ስለ ናዚዎች ጭካኔ ብዙ መጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ ስለ ትጋታቸው ግን ከዚህ ካርድ የተሻለ መምህር አላገኘሁም። ከሌላ ማጎሪያ በተገኘ ወረቀት ላይ ደግሞ በእስረኞች ራስ ላይ የተገኘው ቅማል እንኳ እየተቈጠረ ተጽፎ ይታያል።

ከካርዶቹ ሌላ ፖስታዎች አሉ። ከኖየንጋመና ከዳኻው ማጎሪያዎች የተረፉ፥ ከእስረኞች የተወሰዱ ዕቃዎች በ1963 ወደ አሮልሰን ሲመጡ 4,700 ያህል ነበሩ፤ የእጅ ሰዓት፥ የጋብቻ ቀለበት፥ የኪስ ቦርሳ፥ የመታወቂያ ወረቀት፥ ከሁሉ ይልቅ ፎቶግራፍ። ዛሬ የቀሩት 2,000 ያህል ናቸው፤ ከ2016 ጀምሮም የቤቱ ሠራተኞች የባለቤቶቹን ቤተ ሰቦች በየአገሩ እየፈለጉ በልዩ ዘመቻ ይመልሳሉ። ስለዚህ ዘመቻ ጋዜጦች ብዙ ስለ ጻፉ እኔ አልደግመውም፤ ነገር ግን እመቤቲቱ ሳልጠይቃቸው የነገሩኝ ነገር አለ። ከእነዚህ ፖስታዎች መካከል የአይሁድ ንብረት የሆነው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው የፖላንድና የሶቪየት አገር ሰዎች፥ የፖለቲካ እስረኞችና የግዳጅ ሠራተኞች ገንዘብ ነው። ምክንያቱንም ሲያስረዱኝ፥ «አይሁድን ሲያግዙ ስማቸውን ጽፈው በፖስታ የሚያስቀምጡላቸው ነገር አልነበረም፤ ሁሉን ዘረፉት» አሉ።

ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። ማኅደሩን ሁሉ የሰው ልጅ መከራ ሙሉ መዝገብ አድርጎ የሚያስብ ጐብኚ፥ የእልቂቱ እጅግ ትልቁ ክፍል ከመዝገቡ ውጭ መሆኑን ሲረዳ መደንገጡ አይቀርም። ከባቡር ወርደው በአውሽቪትስ-ቢርከናው ማጎሪያ መድረክ ላይ በግራ በኩል እንዲሰለፉ የታዘዙ ሽማግሎች፥ እናቶችና ሕፃናት በዚያው ቀን ወደ መርዝ ክፍል ሲነዱ፥ ስማቸውን የጻፈ፥ ቍጥር የሰጠ፥ ሹራባቸውን የቈጠረ ጸሓፊ አልነበረም፤ ካርድ የነበረው ለሥራ የተመረጠው ብቻ ነው። በትሬብሊንካ፥ በሶቢቦርና በቤልዜክ የመግደያ ሰፈሮች፥ በምሥራቅም በየጕድጓዱ አፋፍ በጥይት ለተገደሉት እንዲህ ያለ መዝገብ ከነጭራሹ አልተዘረጋም። የእነዚህን ስም ለማዳን በኢየሩሳሌም ያለው ያድ ቫሼም ሌላ መንገድ ተከተለ፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከሞት የተረፈ ዘመድ፥ ጎረቤት፥ የትምህርት ቤት ጓደኛ፥ የሚያውቀውን የአንድ ሰው ስም፥ የአባቱን ስም፥ የመንደሩን ስም በምስክርነት ቅጽ ላይ ጽፎ እንዲፈርም ጠየቀ፤ ከሌላም ምንጭ እያመሳከረ ከ6 ሚሊዮኑ ሙታን መካከል 5 ሚሊዮን ያህሉን በስም ለማወቅ በቃ። አንዱ ማኅደር በገዳዩ ጽሕፈት የቆመ ነው፤ ሌላው በሐዘንተኛው ትውስታ። አጥኚ ሁለቱን ካላስማማ ነገሩን በሙሉ አያገኘውም፤ በዚህ ጥናት የመንግሥታት ትብብር የሚያስፈልገው ለክብረ በዓል ሳይሆን ከሁሉ በፊት ለዚህ ለማመሳከሩ ሥራ ነው።

ትብብር ግን በር ይከፍታል እንደሚባለው ሁሉ በር ይዘጋልም። በ1955 በቦን የተፈረመው ውል ማኅደሩን ለዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ አስተዳደር ሰጥቶ፥ በላዩ የመንግሥታት ጉባኤ አስቀመጠበት፤ የጉባኤው አባላትም እየጨመሩ ሄደው ቤልጂግ፥ ፈረንሳይ፥ ጀርመን፥ ግሪክ፥ እስራኤል፥ ኢጣልያ፥ ሉክሰምቡርግ፥ ሆላንድ፥ ፖላንድ፥ እንግሊዝና አሜሪካ ተቈጥረው 11 ሆኑ። ሥርዓቱ ሁሉም ካልተስማሙ ምንም አይሁን የሚል ነበረ። በዚህ ሥርዓት መሠረት የታሪክ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ከደጅ ቆመው ቀሩ። የሚሰጠው ምክንያት ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም፤ በእነዚያ ወረቀቶች ላይ የአንዱ ሕመም፥ የሌላው በሐሰት ወይም በእውነት የተጻፈበት ወንጀል፥ የሦስተኛው ለቤተ ሰቡ እንኳ ያልተገለጠ ምሥጢር ይገኛልና፥ የሙታንን ስም ከነቀፌታ መጠበቅ ክርስቲያናዊም ሰብአዊም ግዴታ ነው። ዳሩ ግን ምሥጢር ጠባቂው ለጠያቂው መልስ መስጠት ሲያቅተው ምክንያቱ ይላላል። ጀርመን በ2000 ለግዳጅ ሠራተኞች ካሣ ለመክፈል በወሰነች ጊዜ፥ ለማስረጃ የሚሆን ወረቀት የሚለምኑ ሽማግሎች ደብዳቤ ጐርፎ፥ ምላሽ ያላገኘው ከ400 ሺህ በላይ ሆነ፤ ከጠያቂዎቹ ስንቱ መልሱን ሳይሰማ እንዳለፈ ለማሰብ የሰማንያ ዓመት ሰው ዕድሜ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ማወቅ ይበቃል።

በመጨረሻ ከዋሽንግተን የሆሎኮስት መታሰቢያ ቤተ መዘክር የተነሣው ግፊት በርትቶ፥ በሚያዝያ 2006 የጀርመን የፍትሕ ሚኒስትር ብሪጊተ ጺፕሪስ በዚያው ቤተ መዘክር ቆመው አገራቸው የማኅደሩን መከፈት እንደማትቃወም አስታወቁ፤ ከዚያም 11ዱ መንግሥታት የውሉን ማሻሻያ አንድ በአንድ ካጸደቁ በኋላ፥ በኅዳር 2007 በሩ ለምርምር ተከፈተ። እያንዳንዱ አባል አገር የማኅደሩን ቅጂ መውሰድ ስለ ተፈቀደለት፥ ዛሬ ያው ሰነድ በዋሽንግተን፥ በኢየሩሳሌም፥ በዋርሶ፥ በፓሪስ፥ በለንደንም ይነበባል። በ2013 ዩኔስኮ በዓለም ትውስታ መዝገብ ጻፈው፤ በ2019 ስሙ የአሮልሰን ቤተ መዛግብት ተብሎ፥ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰነድ ማንም በቤቱ ተቀምጦ እንዲያነበው ተለቀቀ። ለሰላሳ ዓመት ዘግይቷል ብል እንደ ድፍረት የሚቈጥርብኝ አይኖርም ብዬ አምናለሁ።

በዚሁ ዘመን የተወለደው ሌላው ጉባኤ ከፍ ባለ ድምፅ የተነገረለት ነው። የስዊድን ጠቅላይ ሚኒስትር ዮራን ፐርሶን፥ የአገራቸው ወጣቶች ስለ አይሁድ እልቂት የሚያውቁት ማነሱን ከሰሙ በኋላ፥ አጭር የታሪክ መጽሐፍ አሳትመው ለጠየቀ ቤተ ሰብ ሁሉ በነጻ አደሉ፤ በ1998ም ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ጋር ሆነው፥ ስለ እልቂቱ ትምህርት፥ መታሰቢያና ምርምር የሚተባበር የመንግሥታት ማኅበር መሠረቱ። በጥር 2000 የ46 መንግሥታት መልእክተኞች በስቶክሆልም ተሰብስበው ስምንት አንቀጽ ያለውን የስቶክሆልምን ቃል አወጡ፤ ታላቁ የታሪክ ሊቅ ይሁዳ ባወር አማካሪ፥ ጸሓፊው ኤሊ ቪዘልም የክብር ሊቀ መንበር ነበሩ። ማኅበሩ ዛሬ ዓለም አቀፍ የሆሎኮስት መታሰቢያ ኅብረት ተብሎ፥ ጽሕፈት ቤቱን በርሊን አድርጎ፥ ከ30 የሚበልጡ አገሮችን ይዟል። በ2016 ስለ ጸረ አይሁድነት ባወጣው፥ የሕግ ግዴታ በሌለበት ትርጓሜ ምክንያት ዛሬም በየአገሩ ክርክር ይነሣበታል፤ ያ ክርክር የራሱ ጸሓፊዎች ስላሉት እዚህ አልገባበትም። ለመምህራን ያዘጋጀው መመሪያ ግን የሚመሰገን ነው፤ የአሮልሰንም በር እንዲከፈት ከጮኹት ድምፆች አንዱ ይህ ማኅበር ነበር። ከስምንቱ አንቀጾች መካከል ስለ ቤተ መዛግብት መከፈት የሚናገረውን ፈራሚዎቹ ራሳቸው ለመፈጸም ሰባት ዓመት ያህል የፈጀባቸው መሆኑን ሳስብ፥ ቃል ማውጣትና መሳቢያ መክፈት ሁለት ልዩ ልዩ ሥራ መሆናቸው ይታየኛል።

በዚያ ቤት የምፈልገው ዘመድ አልነበረኝም፤ የማስባቸው መምህራን ግን ነበሩኝ። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም በ1900ዎቹ መጀመሪያ በበርሊን ቋንቋችንን ሲያስተምሩ፥ ከአፋቸው እየሰማ የኢትዮጵያ ልጆችን ጨዋታ ጽፎ ያሳተመው ኦይገን ሚትቮኽ አይሁዳዊ ነበር፤ ናዚዎች ከመንበሩ አነሡት፤ ተሰዶ በ1942 በለንደን አረፈ። አገራችን መጥቶ ያጠናውና በ1936 ትልቁን የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው የፓሪሱ ማርሴል ኮኸን ከናዚዎች ጋር በተባበረው በፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ሕግ ከማስተማር ታግዶ ከተቃዋሚ አርበኞች ጋር ተሰለፈ። የኮኸን ደቀ መዝሙር ቮልፍ ሌስላው ደግሞ በፖላንድ ተወልዶ በፈረንሳይ ሲማር ተይዞ፥ ከሚስቱና ከልጁ ጋር በፒሬኔ ተራሮች ሥር፥ በኋላም በኤክስ አጠገብ በሌ ሚል የጡብ ፋብሪካ ታጉሮ ነበር። የርዳታ ሰዎች ደርሰውለት ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በ1942 በጋ ከዚያው ከሌ ሚል 2,000 ያህል አይሁድ ወደ አውሽቪትስ ተጋዙ። ሌስላው ግን መቶ ዓመት ኖሮ የአማርኛን መማሪያ፥ የአማርኛን መዝገበ ቃላት፥ የግዕዝንም የንጽጽር መዝገበ ቃላት ሰጥቶን በ2006 አረፈ። ያ ሰው ከጡብ ፋብሪካው ባይወጣ ኖሮ፥ ከግዕዙ መዝገበ ቃላት ፈንታ የሚቀርልን በአሮልሰን መሳቢያ ውስጥ አንዲት ካርድ ነበረች፤ ያችም ብትሆን ለሥራ ከተመረጡት መካከል ቢቈጠር ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በኢየሩሳሌም መጽሐፉን የሚገልጥ የአማርኛ ተማሪ ይህን የሚያውቀው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ከመውጣቴ በፊት ወደ ዐውደ ርእዩ አዳራሽ ተመለስኩ። «የወረቀት ሐውልት» ይሉታል፤ ከሐውልትነቱ ይልቅ ሥራ ቤትነቱ ይበልጥ ይታያል። ከ2020 ጀምሮ ማንም ፈቃደኛ ሰው የካርዱን ፎቶ በኮምፒዩተር እያየ ስሙን፥ የልደቱን ቀንና የእስረኛ ቍጥሩን አንብቦ እንዲያስገባ ተፈቅዷል፤ አንድ ወረቀት በአንድ ሰው ዓይን ብቻ ስለማይታመን፥ ሌሎችም ያንኑ ያነቡታል። በዚያ ቀን አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ይህን ሥራ ይሠራ ነበር። ሁለት ልጆች በአንድ የኮምፒዩተር መስኮት ላይ ተደፍተው ይከራከሩ ነበር፤ በዱሮው የጀርመን ጽሕፈት «ኤን»ና «ኡ» እጅግ ስለሚመሳሰሉ፥ አንደኛዋ አንዱ ነው፥ ሁለተኛው ሌላው ነው ይላሉ። መምህራቸው መጡ፤ እሳቸውም አልለዩትም። ከዚያ ልጅቱ፥ «እስኪ የትውልድ መንደሩን እንየው፤ ፖላንዳዊ ከሆነ ስሙ እንዲህ ነው የሚጻፈው» ብላ የፖላንድን ካርታ ከፈተች፤ ጓደኛዋም ያልተስማማ መስሎ ወንበሩን ወደሷ ሳብ አደረገ።